ገንዳውን ከመፋቅ በፊት ሒሳቡን መመርመር

የዓሣ ማሳያ ገንዳ በቤቱ ወይም በትምህርት ቤቱ ያቆመ ሰው ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ሳይወድ በግድ የሚተዋወቀው ፍጥረት አለ። መስታወቱ አረንጓዴ ቅባት ይለብሳል፤ ጠጠሩ ቡናማ ዱቄት የተነሰነሰበት ይመስላል፤ አንዳንድ ጊዜም ውኃው ራሱ ጎመን የተቀቀለበት ይመስላል። ባለ ገንዳው ዓሦቹን አውጥቶ፣ ውኃውን ደፍቶ፣ መስታወቱን ፍቆና ጠጠሩን አጥቦ እንደገና ይሞላል። ወር ሳይሞላ ሁሉም ወደ ነበረበት ይመለሳል። ብዙ ጊዜም የነገሩ ፍጻሜ ዓሦቹ አልቀው ገንዳው የአሮጌ ዕቃ ማስቀመጫ መሆን ነው።

ይህ ፍጥረት በመማሪያ መጻሕፍታችን ዋቅላሚ፣ በተለምዶ ደግሞ አልጌ ይባላል። በዚህ ጽሑፍ የምንሟገትለት ሐሳብ ባጭሩ ሲገለጽ፣ ዋቅላሚ ወደ ገንዳው የገባውን ብርሃንና ምግብ ደምሮ የሚያሳየን መለኪያ ነው የሚል ነው። መለኪያውን ደጋግሞ መፋቅ የሚለካውን ነገር አይቀንሰውም። ጉዳዩ የአንድ ሳሎን ጌጥ ብቻ ቢሆን ኖሮ የመጽሔቱን ገጽ ባልተሻማን ነበር። ነገር ግን በ60 ሊትር ገንዳ ላይ የሚፈጸመው ስሕተትና በሐይቆች፣ በግድቦችና በመጠጥ ውኃ ላይ የሚፈጸመው ስሕተት ዓይነቱ አንድ ነው ብለን እናምናለን።

ገንዳው በደጋ ላይ ሲቆም

ነገሩ እንዲጨበጥልን በአቀስታ ከተማ፣ በአንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ቤተ ሙከራ ውስጥ የቆመ ገንዳ በሐሳባችን እንሣል። ከአቀስታ እስከ ቱሉ አውሊያና መካነ ሰላም በተዘረጋው የምዕራብ ደቡብ ወሎ ደጋ የዓሣ ገንዳ በየቤቱ የሚታይ ነገር አይደለም። ስፍራውን የመረጥነው ከፍታው የጉዳዩን ፊዚክስ አጉልቶ ስለሚያሳይ ነው።

ወደ 4000 ሜትር የሚጠጋው የአምባ ፈሪት ተራራ በሚገኝበት በዚህ ደጋ ብዙ መንደሮች 3000 ሜትር አካባቢ ከፍታ ላይ ተቀምጠዋል። በ3000 ሜትር ላይ የአየር ግፊት በባሕር ጠለል ካለው 70 በመቶ ያህል ብቻ ነው። የባቄላ ንፍሮ በደጋ ዘግይቶ የሚበስለው በዚሁ ምክንያት ነው፤ ውኃው በ100 ሳይሆን በ90 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ይፈላልና። ያው የግፊት ማነስ በውኃ ውስጥ የሚሟሟውን ኦክስጅንም ይቀንሳል። 25 ዲግሪ ሙቀት ያለው ውኃ በባሕር ጠለል በሊትር 8.3 ሚሊ ግራም ያህል ኦክስጅን ሊይዝ ሲችል፣ በ3000 ሜትር ግን ከ5.7 ሚሊ ግራም አይበልጥም። የደጋው ብርድ ከዚህ ጉድለት ጥቂቱን ይክሳል፤ ውኃው 15 ዲግሪ ከሆነ በዚያው ከፍታ 7 ሚሊ ግራም ያህል ይይዛል። በመሆኑም በአቀስታ የሞቃት አገር ዓሦችን ለማኖር ማሞቂያ የሚያስገባ ሰው፣ ዓሦቹ በጣም የሚሹትን ኦክስጅን በዚያው ማሞቂያ እያባረረ መሆኑን ማወቅ ይገባዋል። ጎልድፊሽ የሚባለው ወርቅማ ዓሣ ብርድ ስለሚችል፣ በቁጥር ጥቂት ሆኖ ሰፊ ገንዳ ከተሰጠው ለደጋው ይበልጥ ይስማማል።

ዋቅላሚ ከዚህ ጋር የሚያገናኘው ምንድን ነው? ቀን ቀን ብርሃን እየተቀበለ ኦክስጅን ያመርታል፤ ሌሊት ግን እንደማንኛውም ሕያው ነገር ይተነፍሳልና ከውኃው ኦክስጅን ይወስዳል። ውኃው ሲጀመር ብዙ ኦክስጅን በማይይዝበት ከፍታ ላይ፣ በዋቅላሚ የተሞላ ገንዳ ከንጋት በፊት ባሉት ሰዓታት ባዶ ካዝና ሊሆን ይችላል። ዓሦች ጎሕ ሲቀድ ወደ ላይ ወጥተው አፋቸውን ሲከፍቱና ሲዘጉ ቢታዩ ረኃብ እንዳይመስለን፤ እየታፈኑ ነው። በዚያች ሰዓት ምግብ የሚጨምርላቸው ሰው ነገሩን ያባብሰዋል።

ሁለቱ የገቢ መዝገቦች

የዋቅላሚ ሒሳብ ሁለት ዋና የገቢ መዝገቦች አሉት፤ ብርሃንና ምግብ። ስለ ብርሃን ከእናቶቻችን ጓዳ የምንማረው አለ። በእንስራ የተቀመጠ ውኃ አይለመልምም፤ በሃይላንድ ጠርሙስ ተሞልቶ ፀሐይ ላይ የተረሳ የምንጭ ውኃ ግን ውሎ አድሮ አረንጓዴ ይሆናል። ብርሃን በጥቂቱ የሚያሳልፈው ቢጫ ጀሪካን ውስጡ ይሻግታል፤ ጥቁሩ ሮቶ ግን ከዚህ ይድናል። የዓሣ ገንዳ ደግሞ በአራቱም ጎን ብርሃን እንዲገባበት ሆን ተብሎ የተሠራ ዕቃ ነው።

አቀስታ ከምድር ወገብ በስተ ሰሜን 11 ዲግሪ ገደማ ላይ ስለምትገኝ የቀኑ ርዝመት ዓመቱን ሙሉ ከ11 ሰዓት ተኩል በታች አይወርድም፤ ክረምት መግቢያ ላይ ወደ 12 ሰዓት ከ45 ደቂቃ ይደርሳል። የጠራ የቀትር ፀሐይ 100,000 ሉክስ ያህል ብርሃን ሲሰጥ፣ በአንድ የመማሪያ ክፍል መካከል ግን የሚገኘው ጥቂት መቶ ሉክስ ነው። ስለዚህ ገንዳን «ዓሦቹ በደንብ እንዲታዩ» ብሎ ከመስኮት ሥር ማስቀመጥና ሁለት ሜትር ወደ ውስጥ ገባ አድርጎ ማስቀመጥ እጅግ የሚራራቁ ውሳኔዎች ናቸው።

ሁለተኛው መዝገብ ምግብ ነው። የዓሦቹ ቆሻሻና ያልተበላው ምግብ በመጀመሪያ አሞኒያ ይሆናል። በጠጠሩና በማጣሪያው ላይ የሚኖሩ ባክቴሪያዎች አሞኒያውን ወደ ናይትራይት፣ ከዚያም ወደ ናይትሬት ይለውጡታል። ናይትሬትና ፎስፌት ለእህል ማዳበሪያ እንደሆኑ ሁሉ ለዋቅላሚም ማዳበሪያ ናቸው። አሜሪካዊው የውቅያኖስ ተመራማሪ አልፍሬድ ሬድፊልድ እ.ኤ.አ. በ1934 ባሳተመው ጥናት መሠረት የጣለው ሐሳብ፣ በውኃ ላይ ተንሳፋፊ በሆኑ ደቂቅ እፅዋት ውስጥ ለአንድ የፎስፈረስ አቶም 16 የናይትሮጅንና 106 የካርቦን አቶሞች በአማካይ እንደሚገኙ ያስረዳል። ይህን ወደ ክብደት ብንመልሰው፣ አንድ ሚሊ ግራም ፎስፈረስ ሌላው ሁሉ እስካልጎደለ ድረስ 114 ሚሊ ግራም ያህል ደረቅ ዋቅላሚ ሊያበቅል ይችላል ማለት ነው።

ይህ ቁጥር በእጃችን ጣት ሲመነዘር ምን ይመስላል? ደረቅ የዓሣ ምግብ ከክብደቱ ቢያንስ አንድ በመቶ ያህሉ ፎስፈረስ ነው። በሳምንት አንድ ግራም ትርፍ ምግብ ገንዳው ውስጥ ከቀረ 10 ሚሊ ግራም ፎስፈረስ ገባ ማለት ነው፤ ይህም ከአንድ ግራም የሚበልጥ ደረቅ ዋቅላሚ ያህላል። ውኃ የጠጣው እርጥብ ዋቅላሚ ደግሞ የዚህ አሥር እጥፍ ያህል ይመዝናል። አንዲት ቁንጥር ምግብ አንድ እፍኝ አረንጓዴ ዝቃጭ የምትሆነው በዚህ መንገድ ነው። ከበሳልት ዐለት የሚፈልቁ የደጋው ምንጮች የሚሟሟ ሲሊካም ይዘው ስለሚመጡ፣ አዲስ ገንዳ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ቡናማ ቢለብስ አያስደንቅም። ያ ቡናማ ልባስ ዛጎሉን ከሲሊካ የሚሠራው ዳያተም የተባለው ዋቅላሚ ነው፤ ብዙውን ጊዜ በራሱ ይጠፋል።

ከሁለቱ መዝገቦች አንዱ ሲዘጋ ሌላው ምንም ያህል ቢሞላ ዋቅላሚ አይበዛም። ምግብ ገደብ ሲያጣ ምን እንደሚሆን ደግሞ አገራችን ለዓለም ያስተማረችው ነገር አለ። ታሊንግ፣ ውድ፣ ፕሮሰርና ባክስተር እ.ኤ.አ. በ1973 ያሳተሙት ጥናት የተሠራው በቢሾፍቱ አካባቢ በሚገኙት በአረንጓዴና በቂሎጤ የሶዳ ሐይቆች ላይ ሲሆን፣ የተንሳፋፊ ዋቅላሚ ምርት የመጨረሻ ጣሪያ የት ድረስ እንደሆነ ለማወቅ እስከ ዛሬ ይጠቀሳል። በእነዚያ ሐይቆች ምግቡ የተትረፈረፈ በመሆኑ ዕድገቱን የሚገታው ብርሃን ብቻ ነበር፤ ዋቅላሚው እጅግ ከመብዛቱ የተነሣ የራሱን ብርሃን እስከ መከለል ደርሶ ነበር።

የችኮላ መፍትሔዎች

በውጭ አገር በተማርንባቸው ዓመታት በዓሣ መሸጫ መደብሮች ከዓሦቹ ይልቅ ሰፊ ቦታ የያዙት የዋቅላሚ ማጥፊያ ጠርሙሶች እንደነበሩ እናስታውሳለን። ጠርሙሱ ሲያልቅ ሌላ ይገዛል። በመዳብ ውሕድ የሚሠሩት መድኃኒቶች ዋቅላሚውን ይገድላሉ፤ ነገር ግን የሞተው ዋቅላሚ በስብሶ ይዞት የነበረውን ናይትሮጅንና ፎስፈረስ ለውኃው ይመልሳል፤ በመበስበሱም ኦክስጅን ይጨርሳል። መዳብ ራሱም፣ በተለይ ማዕድን በሚያንሰው ውኃ ውስጥ፣ ለዓሣ መርዝ ነው። በእኛ አገር ጠርሙሱን የሚተካው በረኪና ሲሆን፣ ዓሣው ባለበት ገንዳ ውስጥ በረኪና መጨመር ዓሣውንም፣ አሞኒያ የሚለውጡትን ባክቴሪያዎችም በአንድነት መግደል ነው።

ገንዳን ሙሉ በሙሉ ገልብጦ ማጠብም ከዚህ ብዙ አይሻልም። የባክቴሪያዎቹ ማኅበር በሞቃት ውኃ ለመቋቋም ከአራት እስከ ስድስት ሳምንት ይፈጅበታል፤ በደጋ ብርድ ከዚያም ይዘገያል። በየወሩ ሁሉንም የሚያጥብ ሰው ገንዳውን በየወሩ አዲስ ያደርገዋል፤ ያልተለወጠ አሞኒያም ዓሦቹን ይጨርሳል።

«ዋቅላሚ የሚበላ ዓሣ አስገቡ» የሚለው ምክር ደግሞ ጥንቃቄ ይሻል። ዓሣ የበላው ዋቅላሚ ተመልሶ ቆሻሻ ይሆናል፤ ፎስፈረሱ ከገንዳው አልወጣም። ከዚህም በላይ አዲስ ዓሣ የቀድሞውን ሥርዓት ሊያናጋ ይችላል። ለዚህ ከአቀስታ በስተ ምሥራቅ የምናገኘው የሐይቅ ከተማው ሐይቅ ጥሩ ምስክር ነው። ቆሮሶ የተባለው ዓሣ በዚህ ሐይቅ የተለቀቀው እ.ኤ.አ. በ1978 ነው። ከዚያ በኋላ የተደረጉ ጥናቶች ቀድሞ በጥራቱ ይታወቅ በነበረው ውኃ ዋቅላሚ እንደ በዛና ጥራቱም እንደ ቀነሰ አሳይተዋል። ተመራማሪዎች ከሚያነሷቸው ምክንያቶች አንዱ፣ ዓሦቹ በተለይ በጫጩትነታቸው ዋቅላሚውን የሚግጡትን ጥቃቅን የውኃ እንስሳት መብላታቸው ነው። ቆሮሶው ለአካባቢው ሕዝብ ምግብና ገቢ መሆኑ አይካድም፤ ዓሣ የውኃ መጥረጊያ ነው የሚለው አስተሳሰብ ግን በሐይቅም በገንዳም አይሠራም።

እንግዲህ ምን ይደረግ?

በመጀመሪያ ገንዳው ቀጥተኛ ፀሐይ ከማያገኘው ግድግዳ ጋር ይቀመጥ፤ መብራቱም በቀን ከ6 እስከ 8 ሰዓት ብቻ ይብራ። ቀጥሎ ዓሦቹ በሁለት ደቂቃ ውስጥ ጠርገው የሚጨርሱትን ያህል ብቻ በቀን አንድ ጊዜ ይመገቡ፤ በሳምንት አንድ ቀን ቢጦሙ አይጎዱም። ሦስተኛው የውኃ ቅየራ ነው። በየሳምንቱ የውኃውን አንድ አራተኛ ብንቀይር፣ የምግቡ ክምችት ውሎ አድሮ የሳምንቱ ገቢ አራት እጥፍ ላይ ይቆማል። አንድ አሥረኛ ብቻ ብንቀይር አሥር እጥፍ ላይ፣ ግማሹን ብንቀይር ደግሞ ሁለት እጥፍ ላይ ይቆማል። ተማሪ በመደመርና በማካፈል ብቻ ይህን ሊያረጋግጥ ይችላል። የቧንቧ ውኃ ክሎሪን ካለበት በሰፊ ዕቃ አንድ ቀን ተቀምጦ ይተንፍስ።

አራተኛ፣ በገንዳው ውስጥ ሥር ያላቸው የውኃ እፅዋት ይተከሉ፤ ከዋቅላሚው ጋር በምግቡ ይሻማሉ፤ ሲያድጉ ተከርክመው ሲወጡም ፎስፈረሱ አብሮ ይወጣል። እዚህ ላይ ግን አበባው ማርኮን እምቦጭ ወደ ገንዳ እንዳናስገባ አደራ እንላለን። እምቦጭ ከደቡብ አሜሪካ ተነሥቶ ዓለምን ያዳረሰው በአብዛኛው ለውበቱ ሲባል በሰው እጅ እየተጓዘ ነው። በመጨረሻም መብራት ለረጅም ሰዓት ሲጠፋ በቆመ ማጣሪያ ውስጥ ያሉት ባክቴሪያዎች አየር አጥተው ይሞታሉ። መብራት ሲመለስ የማጣሪያው ስፖንጅ ከገንዳው በተቀዳ ውኃ ሳይታጠብ አይከፈት። መብራት በሚቆራረጥበት ስፍራ ዋናው ዋስትና ዓሣ ማብዛትን መተው ነው።

መስታወቱን መፋቅስ? ይፋቅ። ነገር ግን የተፋቀው ዋቅላሚ ከገንዳው ይውጣ፤ መፋቁም ሒሳቡ ከተስተካከለ በኋላ የሚመጣ ሥራ ይሁን።

ከገንዳ ወደ ግድብ

እስካሁን የተናገርነው ሁሉ ስፋቱ ሲጨምር አይለወጥም። እ.ኤ.አ. በ1960 ሥራ የጀመረው የቆቃ ግድብ ከአዋሽ ጋር የከተማና የፋብሪካ ፍሳሽ፣ እንዲሁም ከእርሻ የታጠበ አፈር ይገባበታል፤ በግድቡም ማይክሮሲስቲስ የተባለው ሳያኖባክቴሪያ እየበዛ ውኃውን አረንጓዴ ቀለም ሲያስመስለው ታይቷል። ማይክሮሲስቲስ ጉበት የሚጎዳ መርዝ ሊያመነጭ ይችላል። የዓለም የጤና ድርጅት ለመጠጥ ውኃ ያስቀመጠው የመርዙ ወሰን በሊትር አንድ ማይክሮ ግራም ነው። ከሁሉ በላይ ልናሳስብ የምንወደው፣ ውኃን ማፍላት ጀርሞችን ቢገድልም ይህን መርዝ አያጠፋውም። በደጋው ባለ ኩሬ ላይ አረንጓዴ ቀለም መስሎ የሚንሳፈፍ ንብርብር ሲታይ ከዚያ መቅዳትና ከብት ማጠጣት መተው አለበት። ኩሬውን በመድኃኒት መርጨትም የዋቅላሚው አካል ፈንድቶ መርዙ በአንድ ጊዜ እንዲለቀቅ ያደርጋል።

በጣና ሐይቅ ላይ እምቦጭ መታየቱ የተመዘገበው እ.ኤ.አ. በ2011 ነው። እምቦጭ ዋቅላሚ ባይሆንም የሚመገበው ከዚያው መዝገብ ነው። ገበሬው፣ ተማሪውና የመንግሥት ሠራተኛው ውኃ ውስጥ ገብቶ በእጁ መንቀሉ የሚደነቅ ተግባር ነው፤ የተነቀለውም ከሐይቁ ርቆ ከተወገደ ምግብ ይዞ ይወጣል። ይሁን እንጂ ከተዳፋቱ የሚታጠበው አፈርና ከከተሞች የሚወርደው ፍሳሽ እስካልቀነሰ ድረስ መንቀሉ መስታወት መፋቅ ሆኖ ይቀራል።

የአቀስታና የመካነ ሰላም ሰው ጣና ሩቅ ነው ሊል ይችላል። ከዚህ ደጋ የሚነሡት ውኆች ግን በበሽሎና በወለቃ አድርገው ዓባይ ይገባሉ፤ ዓባይም በጳጉሜን 2017 ዓ.ም. ወደ ተመረቀውና 74 ቢሊዮን ሜትር ኩብ ውኃ እንዲይዝ ወደ ተሠራው ታላቁ የህዳሴ ግድብ ይወርዳል። ፎስፈረስ አብዛኛውን ጊዜ የሚጓዘው በአፈር ቅንጣት ላይ ተጣብቆ ነው። ስለዚህ በለጋምቦና በቦረና ተዳፋት ላይ የሚሠራ እያንዳንዱ እርከን የግድቡን የገቢ መዝገብ የሚቀንስ ሥራ ነው። ግድቡ አረንጓዴ ይሆናል ብለን አንተነብይም፤ ሒሳቡ ግን ገና ከጅምሩ መያዝ አለበት እንላለን።

አራት ጠርሙሶች

«ለሰው ውኃ ባልተዳረሰበት አገር ስለ ዓሣ ገንዳ ማውራት ቅንጦት ነው» የሚሉ ወገኖች ይኖራሉ። ተቃውሞው ክብደት አለው፤ ገንዳ፣ ማጣሪያና መብራት ገንዘብ ይጠይቃሉ። ሐሳቡን ለማስተማር ግን አራት ባዶ የሃይላንድ ጠርሙሶች ይበቃሉ። አራቱም ከአንድ ኩሬ በተቀዳ ውኃ ይሞሉ። በሁለቱ ውስጥ ጥቂት የማዳበሪያ ፍሬ ይጨመር፤ ሁለቱ ባዶውን ይቅሩ። ማዳበሪያ ካለበት አንዱ፣ ከሌለበትም አንዱ በጥቁር ጨርቅ ይጠቅለል። ሁሉም መስኮት ላይ ይቀመጡ፤ ተማሪዎችም በየሦስት ቀኑ ቀለማቸውን ይመዝግቡ። በሳምንታት ውስጥ ብርሃንም ማዳበሪያም ያገኘው ጠርሙስ ብቻ ጥቅጥቅ ብሎ ሲለመልም፣ ማዳበሪያ ኖሮት ጨለማ ውስጥ የዋለው ግን እንዳለ ሲቆይ ያያሉ። ይህን ያየ ተማሪ «በምን እናጥፋው?» ከማለቱ በፊት «ከየት መጣ?» ብሎ መጠየቅን ይለምዳል።

የዚህ ደጋ ልጆች ነገ የግብርና ባለሙያ፣ የውኃ ጽሕፈት ቤት ሠራተኛ፣ መምህርና ሐኪም ይሆናሉ፤ ስለ ኩሬው፣ ስለ ተዳፋቱና ስለ ማዳበሪያው የሚወስኑት እነርሱ ናቸው። በቱሉ አውሊያና በመካነ ሰላም ካምፓሶቹ የሚያስተምረው መቅደላ አምባ ዩኒቨርሲቲ ለአካባቢው ትምህርት ቤቶች የአራቱን ጠርሙሶች ሙከራ ቢያሠለጥን፣ አቅም ባለበትም አንድ የብርድ ዓሣ ገንዳ ቢያቆም፣ ወጪው ትንሽ ሆኖ ጥቅሙ ብዙ ዓመት ይዘልቃል። የሳይንስ ፋኩልቲዎች ሁሉ፣ የእኛም ጭምር፣ ለዚህ የሚሆን መምሪያ በአማርኛ አዘጋጅተው ለየትምህርት ቤቱ ሊያደርሱ ይገባል። የፊዚክስ መምህሩ ብርሃኑን፣ የኬሚስትሪው ፎስፌቱን፣ የባዮሎጂው ዋቅላሚውን፣ የሒሳቡም የውኃ ቅየራውን ድምር እየያዙ አንድ ጠርሙስ ዙሪያ ሊቆሙ የሚችሉበት ትምህርት በብዛት አይገኝም።